ለሙቅ አገር ሹራብ

ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደቡብ ሱዳን

ለማከብርሽ ለአክስቴ ልጅ ለስሜነሽ፤ ዘንገና

እታለም፣ ዝናቡ ወጥቶላችሁ መስኩ ቢጫ በለበሰበት በዚህ ወር ሰላምታዬ ከደጃፍሽ ይድረስልኝ። ባልሽ አያ ደሴስ እንዴት ነው? ፈረሱስ? ልጄስ? እኔ ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም ብል ውሸት ይሆናል፤ ግን ደህና ነኝ።

ሦስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ አሁን ብቅ ስል ምን እንደምትይኝ አውቃለሁ። ጁባ የነበረችኝን ምግብ ቤት ዘረፉብኝ። ድስት እንኳ አልተዉልኝም። ከዚያ በመኪና ሁለት ቀን ርቄ ጫካ ዳር ያለች ከተማ ገባሁና በትንሽ ሱቅ እንደገና ከባዶ ጀመርኩ። ባዶ እጄን ምን ብዬ ልደውል፣ ዛሬ ነገ ስል ሁለት ዓመት ሄደ። አፍሬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ቀና ብዬ ስደውል ደግሞ ስልካችሁ እምቢ አለኝ፤ ኔትወርክ የለም አሉኝ። አሁን በርበሬና ሽሮ እያመላለሰ የሚነግድ ይኸነው የሚባል የዳንግላ ሰው አግኝቼ ይህን በእጁ ልኬያለሁ።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ልጄን ላኪልኝ። ሕይወትን በአምስት ዓመቷ፣ ለሁለት ዓመት ብቻ ብዬ ሰጥቼሽ ሄድኩ፤ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። አሁን ሁለት ክፍል ቤት አለኝ። አንደኛው የሷ ነው፤ አልጋም አስገብቼበታለሁ። የነርስ ትምህርት ቤት አለ፤ ትማራለች። ይኸነው ግንቦት ላይ ሲመለስ አብራው ትምጣ።

ዕቃዋን አደራ። ሙቅ አገር ነው ብለሽ ስስ ልብስ እንዳትሞይላት፤ እኔ የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነው። መጀመሪያ ሹራብ። ትስቂብኝ ይሆናል፤ ግን ወባ ሲነሳ የሚያመጣው ብርድ ከእንጅባራ ሐምሌ ይብሳል። እኔን የመጀመሪያ ጊዜ የያዘኝ ቀን የሽንኩርት ጆንያ ለብሼ ነው የተረፍኩት። ቀጥሎ እጅጌው ረጅም የሆነ ሸሚዝ፤ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ቢንቢው ራቁት ክንድ አይምርም። ከሁሉ በላይ ግን የከሰል ካውያ። እዚህ የተሰጣ ልብስ ላይ እንቁላሏን የምትጥል ዝንብ አለች። ሳይተኮስ የተለበሰ እንደሆነ ትሉ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ያድጋል። የውስጥ ልብስ ሳይቀር ይተኮሳል፤ መብራት ደግሞ የለንም።

ልጄን ሳሚልኝ። ቂም አትያዢብኝ።

አምሳለ


ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.
ዘንገና

ለእህቴ ለአምሳለ

የጠፋውን የሚመልስ አምላክ ስሙ ይመስገን። ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኛ ሁላችን ደህና ነን። ደሴም ደህና ነው፤ ፈረሱም። ገብሱ ዘንድሮ ይዞልናል። ሕይወት ደህና ናት፤ አሥረኛ ክፍል ገብታለች።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሃያ ቀን ሆነ። ሃያ ቀን ሙሉ እስክሪብቶ ሳነሳና ሳስቀምጥ ከረምኩ። እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ ቢጠፋኝ ነው። አምሳለ፣ እኛ አልቅሰንልሻል።

ኅዳር 2014 ላይ ከእናንተ አገር የተመለሰ አንድ ሰው፣ ከጁባ የተሳፈርሽበት መኪና ወንዝ ገባ፣ አንድም ሰው አልወጣም ብሎ አወራ። ስትሳፈሪ በዓይኑ አይቶሻል። ስልክሽ አልሠራ ሲል አመንን። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች መጥተው መርዶሽን ነገሩን። ትተሽው የሄድሽውን ቀሚስ አውጥተን አለቀስንበት። ደሴ ፈረሱን ጭኖ ለቅሶው ላይ አስገባ። ለሴት አይደረግም ቢሉት በአገውኛ ተሳድቦ ዝም አሰኛቸው፤ ሲናደድ አማርኛው እንደሚጠፋበት ታውቂያለሽ። አርባሽንም ሙት ዓመትሽንም አውጥተናል። ሕይወት ፀጉሯን ተላጭታ ዓመት ሙሉ ጥቁር ለበሰች። አሁን አንቺ ካውያ ግዢ ትይኛለሽ።

ደስ አላለኝም ማለቴ አይደለም። ደብዳቤሽን ታቅፌ ከጓሮ ቀርቀሃው ሥር ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። የነገርኩት ለደሴ ብቻ ነው። ለሕይወት አልነገርኳትም። ቀብሬያታለሁ ያለቻትን እናት በድንገት አለች ብላት ምን እንደምትሆንብኝ አላውቅም፤ ፈራሁ። ጊዜ ስጪኝ። ያልሽውን ዕቃ አንድ አንድ እያልኩ በሳጥን እሞላለሁ፤ ሳጥኑ ሲሞላ እነግራታለሁ።

ደሴ ጌሳም ጨምሪበት ይላል። ዝናብ ባለበት አገር ጌሳ የማይለብስ ሰው መኖሩን አያምንም።

እመቤታችን ትጠብቅሽ።

ስሜነሽ


ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም ለስሜነሽ

ባለሽበት ቤት ሰላም ይግባ። እኔ ከሞትኩ ወዲህ ወፍሬያለሁ፤ ይህን ለአያ ደሴ ንገሪልኝ፤ ይስቃል።

ያ ሰው አልዋሸም። ተሳፍሬ ነበር። መሐል መንገድ ላይ ትኩሳት ሲያጣድፈኝ ሾፌሩ ከአንዲት ሻይ ሻጭ ቤት አውርዶኝ ሄደ። መኪናው ወንዝ መግባቱን የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ነው። የዚያን ዕለት ብደውል ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። አንድ ስልክ ነበር እኮ፤ ሦስት ደቂቃ። አያ ደሴ ፈረስ ጫነልኝ ስትይ ኮራሁ፤ ልጄ ፀጉሯን ተላጨች ስትይ ግን ደብዳቤውን አስቀምጬ ለሦስት ቀን ሱቄን አልከፈትኩም። ጥፋቱ የኔ ነው። አንቺን አንድ ቃል አልወቅስሽም።

ግን ንገሪያት። ሳጥን እስኪሞላ ምን ያስጠብቃል?

ስለ ሳጥኑ ካነሳን አይቀር፣ የቆርቆሮ ይሁን። ሻንጣውን ምስጥ ይበላዋል፤ የተረፈውን እርጥበቱ ያሻግተዋል። የቆዳ ጫማ አትግዢላት፤ በሳምንቱ አረንጓዴ ሻጋታ ያበቅላል። ለትምህርት ቤት ሸራ ጫማ፣ ለጭቃው የፕላስቲክ ቦት። ቁጥሯ ሠላሳ አራት ወይ ሠላሳ አምስት ይሆናል መሰለኝ። ከናይለን የተሠራ የውስጥ ልብስ አይሁን፤ ላብ ይዞ ያቆስላል። ጌሳው ይምጣ፤ እውነቱን ነው፤ እዚህ ነፋሱ ጥላ ገልብጦ ይወስዳል። መልኳን ላየው ፎቶ ላኪልኝ።

ልጄን በእንቅልፏ ሳሚልኝ፤ እሱን እንኳ አትንፈጊኝ።

አምሳለ


መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.
ዘንገና

ለእህቴ ለአምሳለ

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። እንደምን ነሽ? ወባሽስ እንዴት አደረገሽ? እኛ ደህና ነን።

የከሰል ካውያ እንጅባራ አጥቼ ዳንግላ ድረስ ሄድኩ። ባለሱቁ በዚህ ዘመን ማን ይተኩስበታል ብሎ ሳቀብኝ። ለሙቅ አገር ነው ብለው ይብስ ሳቀ። ሹራቡን ራሴ ሠራሁት። የደሴን በጎች ፀጉር ፈትዬ ነው፤ ትንሽ ይኮሰኩሳል፣ ግን ያሞቃል። ሸሚዝ ሦስት፣ ሁሉም እጅጌያቸው ረጅም ነው። የቆርቆሮ ሳጥኑን ደሴ አሠራ። ሕይወት ይህ የማን ነው አለችኝ። የገብስ ዱቄት ላስቀምጥበት ነው አልኳት። ከተናገርኩት ውሸት ሁሉ ያ ነው የሚቆጠቁጠኝ።

ጫማው ግን እንደገመትሽው አይደለም። ሠላሳ ዘጠኝ ነው የምታደርገው። ሠላሳ አራት ካደረገች እኮ ስንት ዓመቷ ነው።

ለፎቶው ሰበብ አጣሁ። ስለዚህ ዩኒፎርም ላሰፋልሽ ብዬ በክር ለካኋት። ክሩን አብሬ ልኬልሻለሁ። ሙሉው ቁመቷ ነው። የመጀመሪያው ቋጠሮ ወገቧ፣ ሁለተኛው ትከሻዋ ነው። አጠገቧ የቆምሽ ያህል ያድርግልሽ።

ከደሴ ጋር የሚያወሩት በአገውኛ ነው፤ አንዳንዴ እኔን እያሙ ይስቃሉ። በፈረስ እሷን የሚቀድም የለም። ያለፈው የፈረስ በዓል ላይ ሴት ልጅ ትጋልብ ወይ ብለው ሲያጉረመርሙ ደሴ ራሱ ኮርቻውን አጥብቆ አስቀመጣት።

አልነገርኳትም። ፈተና ደርሶባታል። ከፈተና በኋላ እነግራታለሁ።

ስሜነሽ


ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም ለስሜነሽ

ከትንሣኤው በረከት ይድረሳችሁ። የኔን ደህንነት አትጠይቂኝ።

ክሩን በበሩ መቃን ላይ ምስማር መትቼ አንጠለጠልኩት። ሥሩ ቆምኩ። በአራት ጣት ትበልጠኛለች። ትከሻዋ የኔን አገጭ ያክላል። እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዓመት ሳልማት እጄን ከወገቤ ዝቅ አድርጌ ነው ራሷን የምዳብሰው። አልጋውም አጭር ነው። ለሕፃን የሚሆን ነው የገዛሁት ለካ። ዛሬ አናጺ ጠርቼ ሌላ አዝዣለሁ።

በአገውኛ ትስቃለች አልሽኝ። እኔ የዳንግላ ከተማ ልጅ፣ አንድ ቃል አላውቅም። ልጄ ስታማኝ እንኳ አይገባኝም ማለት ነው።

ስለ ዕቃው አንድ ልጨምር። ወፍራም ካልሲ፣ ሁለት ጥንድ። ባለፈው ሳምንት ትኩሳቱ ተመልሶብኝ እግሬ ነው አልሞቅ ያለኝ። ባና ካለሽም አጣጥፈሽ አስገቢ። ማን ያምናል፣ ላብ በሚያጠምቅ አገር የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ? ግን እዚህ ሲያምሽ የሚያለብስሽ ሰው ከሌለ ልብስሽ ነው ዘመድሽ። ልጄ እንደኔ ብቻዋን አትንቀጠቀጥብኝም፤ እኔ አለሁላት። ቢሆንም ይኑራት።

ይኸነው ግንቦት 15 ይነሳል። በእግዚአብሔር፣ ንገሪያትና ትምጣ።

አምሳለ


ሐምሌ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.
ዘንገና

ለእህቴ ለአምሳለ

ክረምቱ ገብቷል፤ ጭጋጉ ሐይቁን ከሸፈነው ስድስት ቀን ሆነው። ሰላም ላንቺ ይሁን።

ይኸነውን ብቻውን ስታዪው ምን እንደሆንሽ ይታየኛል። ደጄ ድረስ መጥቶ ነበር። አሟታል አልኩት። ዋሸሁ። ልጅቱ ያን ቀን ሐይቁ ዳር ልብስ ታጥብ ነበር።

አምሳለ፣ ሳጥኑ ከሞላ ቆይቷል። ካልሲውም ባናውም ገብቷል፤ ክዳኑ አልገጥም ብሎ ደሴ ተቀምጦበት ነው የተዘጋው። ያልነገርኳት ሳጥን ስላልሞላ አይደለም፣ ፈተናም አይደለም። ያልጻፍኩልሽ ነገር አለ።

ሙት ዓመትሽ ከወጣ በኋላ፣ ጥር 2015 ላይ፣ ልጅቱ ሌሊት ሌሊት እየባነነች እኔስ የማን ነኝ ማለት አመጣች። እናቷ ሞታለች፣ አባቷን አታውቀው። እኔና ደሴ መከርን። ሽማግሌ ሰብስበን፣ ቄስ ሽመክት ባሉበት፣ ጡቴ ላይ ማር ቀቡና አጠባኋት። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ አፍራ ነበር፤ አንዴ ላሰችና እቅፌ ውስጥ ገብታ አለቀሰች። ወልጄሻለሁ ብዬ ማልኩ፣ ደሴም ማለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማ ትለኛለች። መባነኑም ያን ቀን ተዋት።

አንቺን ለመንጠቅ አልነበረም። የሞተ ሰው አይነጠቅም ብዬ ነው። እኔ ማኅፀኔ አልሰጠኝም፤ አርባ ስድስት ዓመቴ ላይ ማር ሰጠኝ። አሁን ይህን ልጅ ሂጂ፣ ያቺ ናት እናትሽ የምልበት አፍ ከየት ላምጣ? ፈሪ ነኝ። ሌላ ስም የለውም።

ስሜነሽ


ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለስሜነሽ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልልሽ ይገባል፤ ማለት ግን አልቻልኩም። ዛሬ እታለም ማለትም አልቻልኩም።

የጡት ልጅ ያደረግሽው እኔ ያጠባሁትን ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ከስድስት ወር አጥብቻታለሁ። ያንን ማንም ሽማግሌ አልተሰበሰበበትም፤ ማንም አልመሰከረልኝም።

ስድስት ቀን እንዲህ እያልኩ ስነድ ከረምኩ። በሰባተኛው ቀን ንዴቴ አለቀ። ሌሊት ስትባንን ማን ነበር ያቀፋት? እኔ ያን ጊዜ አፍሬ ተደብቄ ነበር።

ማሩን መልሺ አልልሽም፤ የሚመለስ ነገር አይደለም። ለሁልጊዜ ላኪያትም አልልሽም አሁን። ለአንድ ወር ትምጣና ትየኝ። እሱም ካልሆነ ሁለት መስመር በእጇ ትጻፍልኝ። እሱም ካልሆነ መኖሬን ትወቅ። በቁሜ ሞታለች መባሉን አልችለውም። አንቺም አንድ ቀን ይህን ውሸት ይዘሽ ትሞችና ጣጣው ለሷ ይተርፋል። ንገሪያት።

አምሳለ


ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.
ዘንገና

ለእህቴ ለአምሳለ

አዲሱ ዓመት የምሕረት ይሁንልሽ። ነገርኳት። እንዴት እንደሆነ ሳልሸሽግ ልጻፍልሽ።

ብቻዬን አልችልም ብዬ ለቄስ ሽመክት ነገርኳቸው። እሳቸውም ሦስት ሽማግሌ ይዘው ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ መጡ። ከባድ ነገር የሚነገረው እንደዚያ ነው፤ ሌላ አነጋገር ከየት እናምጣ? ደሴ ዋዜማውን በአህያ ከሰል ጭኖ አዲስ ቅዳም ከተማ ሄዶ እዚያው አድሯል። እኔ ይህንን አላሰብኩትም። ሕይወት ለፈረሱ ሣር ልትሰጥ በሩን ስትከፍት አራት ሽማግሌ ነጠላቸውን ተከናንበው ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ያንቺን መርዶ የነገሯት እነሱው ናቸው። አባቴን ብላ ጮኸች። አባቴን፣ አባቴን እያለች መሬት ላይ ወደቀች። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ።

ቄስ ሽመክት አነሷትና፣ ልጄ፣ አባትሽ ደህና ነው፣ ለደስታ ነው የመጣነው፣ እናትሽ አምሳለ አልሞተችም አሏት። እሷ አባቴ ደህና ነው? አለች። ደህና ነው አሏት። እውነት ደህና ነው? አለች ደግማ። ማሉላት። እፎይ ብላ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና የበተነችውን ሣር ሰብስባ ለፈረሱ ሰጠች። ሽማግሌዎቹ ያልሰማች መስሏቸው ደግመው ነገሯት። ሰምቻለሁ አለች።

ከሰዓት በኋላ ደብዳቤዎችሽን አምጪ አለችኝ። ሁሉንም በተርታ አነበበች። የኔን ውሸትም ስላወቀች ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ሁለት ዓመት ሙሉ ያልደወለችው አፍራ ነው? አለችኝ። አምሳለ፣ እምልልሻለሁ፣ ተሟገትኩልሽ። እናት ነች፣ ተቸግራ ነው፣ ሂጂና እያት ብዬ ለመንኳት። ሰምታኝ ስታበቃ፣ እኔ እሷን አልቅሼ ጨርሻለሁ፣ እንደገና ጀምሪ አትበሉኝ አለች። ሁለት መስመር ጻፊላት ብላት ወረቀቱን ይዛ ብዙ ተቀመጠች። ከዚያ ምን ብዬ ልጥራት ብላ ባዶውን መለሰችልኝ።

ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩልሽ። አንድ ኑዛዜ ይቀረኛል። አልሄድም ስትል ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም አፍሬ ቤተ ክርስቲያን አልገባሁም።

ሳጥኑን ምን ላድርገው?

ስሜነሽ


ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእታለም ለስሜነሽ

የልደቱ ሰላም በቤታችሁ ይሁን። መልሴ የዘገየው ታምሜ ነው፤ አሁን ተነስቻለሁ። ልቤ ግን ተሰብሯል፤ እሱን አልደብቅሽም።

አባቴን ብላ ስትጮኽ ያልሽውን ስንት ጊዜ አነበብኩት። እንደዚያ የሚጮኽለት ሰው ያለው ልጅ ቤት አለው ማለት ነው። እኔ አዘጋጀሁላት ያልኩት ክፍል ነው። ቤቱ እናንተ ዘንድ ነበር። ቤተ ክርስቲያንሽን ሳሚ፤ እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ምን ብዬ ልጥራት ላለችው መልስ የለኝም። አትጨነቅበት። ሲያድርባት፣ ልጅ ወልዳ ስታቅፍ ምናልባት፣ ያን ጊዜ ብትጽፍልኝ አድራሻዬ ይኸነው ጋር አለ። ባትጽፍም አልቀየማትም። አንቺ ግን አትተይኝ። ስለ ገብሱ፣ ስለ ጭጋጉ ጻፊልኝ። ስለ እሷ ሳልጠይቅሽ ንገሪኝ፤ እኔ የምጠይቅበት አፍ የለኝም።

ዕቃውን አትላኪው። ሹራቡን ትልበሰው፣ ቦቱንም፤ የእናንተም ክረምት ክረምት ነው። አዲሱን አልጋ ለአንዲት ከስደት ለመጣች ልጅ ሰጥቼዋለሁ፤ ክፍሉ ዝም ብሎ ሲቀመጥ አልወደድኩትም።

እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝመው። አያ ደሴን እጅ ንሺልኝ።

ለልጅሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

አምሳለ